በመዝገብ ያልገባ ሕመምተኛ በጀት የለውም

ይድረስ ለበኵር ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል
ባሕር ዳር

ውድ አዘጋጆች፣

ለማይድን ሕመም የሚሰጠው የማስታገሻ ሕክምና፣ በተለምዶ ፓሊየቲቭ ኬር የምንለው፣ በጀት ሲደለደል ከወረፋው መጨረሻ የሚቆመው የሚመለከተው ክፍል ስለጨከነ አይደለም። ዕቅድ የሚሠራው ባለፈው ዓመት ከታከመው ሰው ቁጥር ተነስቶ ነው። አገልግሎቱ በሌለበት ቀበሌ ታካሚ አይመዘገብም፤ ካልተመዘገበ ፍላጎት እንደሌለ ይቆጠራል፤ በጀት ካልተያዘ ደግሞ አገልግሎቱ አይጀመርም። ላለው ይጨመርለታል እንዲሉ፣ መዝገቡ የሞላ ተቋም በዓመቱም ይጨመርለታል። ይህን ዙሪያ ጥምጥም የሚሰብረው ከሕክምና መዝገብ ውጭ ያለውን ፍላጎት የሚቆጥር ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ በየዓመቱ ሊሠሩት የሚችሉ ደግሞ እዚሁ ከተማ ሞልተዋል፦ የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ የሚፈልጉ የስታትስቲክስ፣ የነርሲንግ፣ የሒሳብ አያያዝና የጂኦግራፊ ተማሪዎች። የምንጽፈው ሥራው በምን መንገድ ቢሠራ ለበጀት ክርክር እንደሚበቃ ለማሳየት ነው።

ጉዳዩ ለአገራችን አዲስ አይደለም። ሆስፒስ ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ ብሔራዊ የማስታገሻ ሕክምና መመሪያም በዚያው አቆጣጠር በ2016 ወጥቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በየዓመቱ 56.8 ሚሊዮን ያህል ሰው ይህን እንክብካቤ ይፈልጋል፤ የሚያገኘው 14 በመቶው ብቻ ነው። ሀብታም አገር ስለሆነ ተፈትቶለታል ማለትም አይደለም። በእንግሊዝ የአዋቂዎች ሆስፒሶች፣ ማለትም ይህን እንክብካቤ የሚሰጡ ተቋማት፣ ከመንግሥት የሚያገኙት ከወጪያቸው ሲሶውን ያህል ነው፤ ቀሪውን ከልገሳና ከበጎ አድራጎት ሱቆች ይሰበስባሉ። ልገሳ ደግሞ የሚበዛው ሀብታም ሰፈር ስለሆነ፣ እዚያም ቢሆን የትኛው አካባቢ ምን ያህል ይድረሰው የሚለው የቁጥር ሙግት ነው።

ወደ እኛው እንመለስ። በዚህ ርዕስ በየዓመቱ የሚጻፉ የመመረቂያ ጽሑፎች ብዙዎቹ ነርሶች ስለ ማስታገሻ ሕክምና ያላቸውን ዕውቀት፣ አመለካከትና ልምድ የሚለኩ ናቸው። መጠይቁ ያው፣ ውጤቱም ያው፦ ዕውቀቱ አነስተኛ፣ አመለካከቱ ጥሩ፣ ሥልጠና ይሰጥ። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። ገንዘብ ጽሕፈት ቤት የተቀመጠ ባለሙያ ከዚህ ወረቀት ላይ አንስቶ ዕቅዱ ውስጥ የሚያስገባው አንድም ቁጥር አያገኝም። እሱ የሚፈልገው በዚህ ክፍለ ከተማ ስንት ሰው፣ ስንት ጉብኝት፣ ስንት የሥራ ቀን፣ ስንት ብር የሚለውን ነው።

መነሻው ሞት እንጂ ታካሚ መሆን የለበትም። አገልግሎት ቢኖርም ባይኖርም ሞት ይከሰታልና። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ጥናት፣ በ2015 በዓለም ከሞቱት 56.2 ሚሊዮን ሰዎች 25.5 ሚሊዮኑ ማለትም 45 በመቶው ከበሽታ በመጣ ከባድ ሥቃይ ውስጥ አልፈዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 ያወጣው አትላስ ደግሞ ጠበብ ያለ መስፈርት ተጠቅሞ 37 በመቶ ገደማ ላይ አድርሶታል። ተማሪዎች ሁለቱንም ይያዙ፤ አንዱ የታችኛው፣ ሌላው የላይኛው ወሰን ይሁን። ለምሳሌ 20 ሺህ ሕዝብ ያለበትን አካባቢ እንውሰድ። ከሺህ ሰው በዓመት 6 ይሞታል ብንል 120 ሞት ነው። በታችኛው ወሰን 44፣ በላይኛው 54 ሰው ይሆናል። ይህ ወለሉ እንጂ ጣሪያው አይደለም፤ የላንሴቱ ጥናት በዚያው ዓመት ሳይሞቱ በሥቃይ ውስጥ የነበሩ ሌሎች 35.5 ሚሊዮን ሰዎችን ለብቻ ቆጥሯል። አንድ ቁጥር ብቻ ይዞ የሚቀርብ ተማሪ በመጀመሪያው ጥያቄ ይወድቃል፤ ከዚህ እስከዚህ ብሎ የሚቀርብ ግን በታችኛው ወሰን እንኳ በጀቱ እንደማይበቃ ማሳየት ይችላል።

የሞት ቁጥሩ ከየት ይምጣ? የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ልደት የሚያስመዘግብ ሰው የምስክር ወረቀቱ ለትምህርት ቤት ስለሚያስፈልገው ይመጣል፤ ሞት የሚያስመዘግበው ግን ውርስ ወይም ጡረታ ያለበት ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ የቀበሌው መዝገብ ብቻውን ከተወሰደ ድሃውንና ሴቱን ያሳንሳል። በከተማችን ከዚህ የተሻለው ምንጭ የዕድር መዝገብ ነው። ዕድር የሞተ ሰው ካለ ገንዘብ ይከፍላል፤ ገንዘብ የወጣበት ነገር ደግሞ ሳይጻፍ አይቀርም። ቀን አለው፣ የአባል ስም አለው፣ ፊርማ አለው።

ግን ዕድርን እንዳለ መገልበጥ ሦስት ስሕተት ያመጣል። አንደኛ፣ አንድ ቤተሰብ በሰፈር ዕድር፣ በሴቶች ዕድርና በመሥሪያ ቤት ዕድር አባል ሊሆን ስለሚችል አንድ ሞት ሦስት ቦታ ይጻፋል። ሁለተኛ፣ ዕድር አገር ቤት ለሞተ አባትና እናትም ይከፍላል፤ ሟቹ የባሕር ዳር ነዋሪ አልነበረም። ስለዚህ የሞተበት ቦታ የሚል ዓምድ የግድ ነው፤ ካልተጻፈ ጸሐፊውን መጠየቅ ያስፈልጋል፣ አብዛኛውን ጊዜ ያስታውሱታል። ሦስተኛ፣ ሕፃናትና ዕድር ያልገቡ ተከራዮች፣ የቀን ሠራተኞችና ጎዳና ላይ ያሉ ሰዎች አይገኙበትም። ለእነዚህ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ የቀብር መዝገብ ይረዳል። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የቀብር ቦታ መዝገብን መሠረት ያደረገ የሞት ክትትል ተሠርቷል፤ በዳባትም የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕዝብ ክትትል ጣቢያ የሟች ቤተሰብን በመጠየቅ የሞት ምክንያትን ይለያል። ዘዴው ስላለ አዲስ መፍጠር አያስፈልግም። በትንሽ ቀበሌ ግን የአንድ ዓመት ቁጥር ብቻ አይወሰድ። አምና 2፣ ዘንድሮ 5 የካንሰር ሞት ተመዝግቦ ከሆነ፣ በ150 በመቶ ጨመረ ብሎ የሚጽፍ ተማሪ መምህሩንም ያሳፍራል። የሦስት ዓመት ተደምሮ ለሦስት ይካፈል።

ቀጥሎ ያለው የፍትሐዊነቱ ልብ ነው፦ ርቀት። ለአንድ ሕመምተኛ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት በወር ሁለት ጊዜ የቤት ለቤት ጉብኝት ቢታሰብ 6 ጉብኝት ነው። ለ54 ሰው 324 ጉብኝት ይሆናል። አስፋልት ባለበት ሰፈር አንዲት ነርስ በባጃጅ እየተዘዋወረች በቀን 4 ቤት ብታዳርስ ሥራው 81 ቀን ይወስዳል። ያው 20 ሺህ ሕዝብ በጣና ሐይቅ ባሉት በዘጌና በደቅ ዓይነት፣ ጀልባ ተጠብቆ በእግር በሚዞርበት አካባቢ ቢኖር በቀን የሚደረሰው በአማካይ አንድ ተኩል ቤት ነው እንበል፤ 216 ቀን ይሆናል። በጀቱ በነፍስ ወከፍ እኩል ቢካፈል ለእያንዳንዳቸው 148 ቀን ተኩል ይደርሳል። ከተማው 67 ቀን ተኩል ይተርፈዋል፤ ያንኑ ያህል ባሕር ተሻጋሪው ይጎድለዋል። በወረቀት ላይ እኩል ነው፤ በሥራ ግን ከዚያ ማዶ ካለው ሕመምተኛ ከሦስቱ አንዱ ገደማ ሳይጎበኝ ይቀራል።

እነዚህን የቀን ቁጥሮች እኛ ለማሳያ ያስቀመጥናቸው ናቸው፤ ተማሪዎቹ በትክክል መለካት አለባቸው። ካርታ ላይ በማስመሪያ የሚለካ ርቀት ጣና ላይ አይሠራም። መለካት ያለበት ከጤና ጣቢያው በር እስከ ሕመምተኛው በር ያለው ሰዓት ነው፣ የጀልባ ጥበቃው ተጨምሮ። ይህም ሁለት ጊዜ ይለካ፦ አንዴ በበጋ፣ አንዴ በክረምት። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ትናንሽ ጀልባዎች አይወጡም፤ ጠዋት የሄደች ነርስ እዚያው ልታድር ትችላለች፣ ያኔ ውሎ አበል ይጨመራል። በፎገራና በደምቢያ በኩል ደግሞ ክረምት ጎርፉ፣ ከዚያ በኋላ እምቦጩ መውረጃውን ይዘጋዋል። አማካይ ሲወሰድ አንዲት ሁለት ቀን የፈጀች ጉዞ ሁሉን ቁጥር ትጎትተዋለች፤ ስለዚህ መካከለኛው ዋጋ፣ ሜዲያን የሚባለው፣ ይሻላል። ረጅሟ ጉዞ ግን ትጥፋ ማለት አይደለም፤ በመጠባበቂያ ወጪ ትያዝ።

መረጃ ማጽዳቱ ከጠቅላላ ሥራው ግማሹን ጊዜ ይበላል። ብዙ ፕሮጀክት የሚበላሸውም በትንተናው ሳይሆን በዚህ ነው። ዋናው ጠላት የቀን አጻጻፍ ነው። መዝገቡ የተጻፈው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ኤክሴል ግን ይህን አያውቅም። በአብዛኛው ላፕቶፕ ላይ ያለው ቅንብር የአሜሪካ ስለሆነ ወርን ያስቀድማል። ጥቅምት 5 ቀን 2016 ለማለት 5/2/2016 ብለው ሲጽፉ ሜይ 2 አድርጎ ይይዘዋል። 15/2/2016 ሲሉት ደግሞ 15ኛ ወር ስለሌለ እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። ከወሩ ከ1 እስከ 12 ያሉት ቀናት ወራቸው ተዛብቶ፣ ከ13 ጀምሮ ያሉት ከስሌት ወጥተው ይቀራሉ ማለት ነው። ጳጉሜን ላይ የባሰ ይሆናል፦ ጳጉሜን 3 ቀን የሞተ ሰው፣ 3/13 ተብሎ ሲገባ፣ ማርች 13 ላይ ይገኛል። ምንም የስሕተት ምልክት አይወጣም፤ ግራፉም ያምራል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቀን፣ ወርና ዓመት በሦስት የተለያዩ ዓምዶች በቁጥር ይግቡ፣ ወደ አውሮፓ አቆጣጠር መለወጥ ካስፈለገ በመጨረሻ ይለወጡ። ጳጉሜን እንደ አንድ ሙሉ ወር ተቆጥራ ወርሐዊ ንጽጽር ውስጥ እንዳትገባም መጠንቀቅ ነው፤ ከነሐሴ ጋር ትደመር።

ሁለተኛው የስም አጻጻፍ ነው። አንድ ሰው ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል ሲላክ ሁለት መዝገብ ላይ ይጻፋል። በአንዱ ገ/ሥላሴ፣ በሌላው ገብረስላሴ ከተባለ ለኮምፒውተር ሁለት ሰው ነው። ሀ፣ ሐና ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ በሙሉ ከነእርባታቸው ወደ አንድ ፊደል መመለስ፣ ገ/፣ ወ/፣ ኃ/ የመሳሰሉትን አሕጽሮቶች መዘርጋት፣ በቃላት መካከል ያለውን ክፍት ቦታ ማጥፋት፤ ከዚያ በኋላ ነው ስም ከስም የሚመሳከረው። ስም ብቻውን አይበቃም፤ ጾታ፣ ቀበሌና ከሦስት ዓመት ባልበለጠ የሚለያይ ዕድሜ አብረው ይታዩ። ዕድሜን በተመለከተ መዝገቡ ላይ 60ና 70 ከ61ና ከ69 በብዙ እጥፍ በልጠው ይታያሉ፤ ሰው ዕድሜውን ስለሚያጠጋጋ ነው። ጠባብ የዕድሜ ክፍፍል ትርጉም የለውም፤ ከ15 በታች፣ ከ15 እስከ 49፣ ከ50 እስከ 69፣ 70ና ከዚያ በላይ ቢባል ይበቃል። ከገባው መረጃ ከአሥሩ አንዱን መስመር ሌላ ተማሪ እንደገና አስገብቶ ያስተያይ። ይህ ሁሉ ሳይደረግ ሎጂስቲክ ሪግሬሽን የተባለውን የስታትስቲክስ ስሌት መሥራት ጊዜ ማጥፋት ነው፤ እንዲያውም ለበጀት ክርክር ሪግሬሽን ጨርሶ ላያስፈልግ ይችላል። በትክክል የተደመረና የተካፈለ ቁጥር ይበልጣል።

መድኃኒቱም በዚያው ወጥመድ ውስጥ ነው። ጤና ተቋማት በየሁለት ወሩ በሚልኩት የሪፖርትና መጠየቂያ ቅጽ ላይ የሚታየው የወጣው መጠን ነው። የከባድ ሕመም ማስታገሻው ሞርፊን ባልነበረበት ወር የወጣው ዜሮ ይሆናል፤ ዜሮው ፍላጎት የለም ተብሎ ይነበብና የሚቀጥለው ትእዛዝ ያንሳል። ለምሳሌ በዓመቱ 60 ግራም ወጥቶ፣ መድኃኒቱ ስምንት ወር ጠፍቶ ከነበረ፣ 60ውን ለ12 ሳይሆን መድኃኒቱ ለነበረባቸው 4 ወራት ማካፈል ነው። በወር 15፣ በዓመት 180 ግራም ይወጣል። ይህን በፍላጎት በኩል ማመሳከር ይቻላል፤ በዓለም አቀፍ ስሌት ለአንድ በከባድ ሕመም ላይ ላለ የካንሰር ሕመምተኛ በቀን 67.5 ሚሊግራም ለ90 ቀን፣ በድምሩ 6,075 ሚሊግራም ይታሰባል። የዓለም ጤና ድርጅት ከካንሰር ሕመምተኞች 80 በመቶው በሕይወታቸው መጨረሻ መካከለኛ ወይም ከባድ ሕመም እንደሚገጥማቸው ይገልጻል። በዓመት 50 ሰው በካንሰር በሚሞትበት አካባቢ 40 ሰው፣ 243 ግራም ማለት ነው፤ ሩብ ኪሎ የማይሞላ ዱቄት። ዋጋው አይደለም የሚከብደው። የላንሴቱ ኮሚሽን በዓመት በዓለም ከሚሠራጨው 298.5 ቶን የሞርፊን ዓይነት መድኃኒት ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን ብቻ መሆኑን አስልቷል። ኡጋንዳ የሞርፊን ዱቄትን በአገር ውስጥ በውኃ በጥብጣ ታዘጋጃለች፣ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮም የሠለጠኑ ነርሶች እንዲያዙ ፈቅዳለች። ስሌቱ ላይ የሚረሳ አንድ ነገር አለ፦ ሞርፊን የሚወስድ ሰው ሆዱ ይደርቃል፣ ስለዚህ የሆድ ማለስለሻ አብሮ ይታዘዝ። ማለስለሻው ሳይታዘዝ ቀርቶ ሕመምተኛው ሞርፊኑን በገዛ እጁ ሲያቆም፣ ያ ደግሞ በመዝገብ ላይ ፍላጎት ቀነሰ ሆኖ ይታያል።

ስለ ምሥጢር አጠባበቅ አጭር ቃል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ከዚያም በፊት ቢሆን የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ የግድ ነበር። ስም ለስም ማመሳከሩ በካርድ ክፍሉ ውስጥ በተቋሙ ሠራተኛ ይሠራ፤ ተማሪው እጅ የሚገባው የኮድ ቁጥር ብቻ ይሁን። በሠንጠረዥ ላይ ከ5 በታች የሆነ ቁጥር አይታይ። ደሴት ላይ አንድ የጉሮሮ ካንሰር ሕመምተኛ አለ ብሎ ማተም ስሙን ከመጻፍ አይለይም።

ጊዜውም መስተካከል አለበት። ተማሪ የመመረቂያ ሥራውን የሚያቀርበው ሰኔ ላይ ነው፤ የበጀት ዓመቱ ደግሞ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ሰኔ ላይ የደረሰ ጽሑፍ ለመደርደሪያ እንጂ ለበጀት ስሚ አይደርስም። ስለዚህ ጥቅምት ላይ ቡድኑ ይዋቀር፤ አምስት ተማሪ ይበቃል፣ ሁለቱ ከስታትስቲክስ፣ አንድ አንድ ከነርሲንግ፣ ከሒሳብ አያያዝና ከጂኦግራፊ። እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ የሥነ ምግባር ፈቃድና የመረጃ ስብሰባ፣ ጥርና የካቲት ጽዳትና ስሌት፣ መጋቢት ላይ ለከተማው ጤና መምሪያ የሚቀርብ አንድ ገጽ። አንድ ገጽ ስንል በትክክል አንድ ነው፦ በክፍለ ከተማ የተለየ የፍላጎት ዝቅተኛና ከፍተኛ ቁጥር፣ የሥራ ቀን፣ ነዳጅና የጀልባ ኪራይ፣ ውሎ አበል፣ መድኃኒት፣ እያንዳንዱ ጽሕፈት ቤቱ በሚጠቀምበት የበጀት አርዕስት ሥር። ማኅበራዊ አገልግሎት ብር ይህን ያህል የሚል ጥቅል አርዕስት ሲቀነስ የመጀመሪያው ነው። ሰማንያ ገጹ ለዩኒቨርሲቲው ይሂድ። በቀጣዩ ዓመት የሚመጣው ቡድን ከዜሮ እንዳይጀምርም የመረጃው አወቃቀርና የስሌቱ ፋይል፣ ከየት ምን እንደተወሰደ የሚገልጽ ማስታወሻ ተጨምሮበት፣ በትምህርት ክፍሉ ይቀመጥ።

በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በኩልም የሚሠላ ነገር አለ። መድኑ የሚከፍለው በጤና ተቋም ለተሰጠ አገልግሎት ነው፤ አልጋ ላይ ውሎ ቤቱ የሚሞተው አባል መዋጮውን ከፍሎ በዚያ ጊዜ የሚያገኘው ጥቂት ነው። የቤት ለቤት ጉብኝት በመድኑ ቢሸፈን ስንት ያወጣል፣ ሕመምተኛው በአምቡላንስ ተመላልሶ ሆስፒታል ቢተኛስ ስንት ያወጣል የሚለው ለአንድ የሒሳብ አያያዝ ተማሪ ጥሩ የመመረቂያ ርዕስ ነው።

ለዕድር ጸሐፊዎች የምንጠይቀው ትንሽ ነው። ክፍያ በሚመዘገብበት መስመር ላይ አራት ነገር ይጨመር፦ የሟች ዕድሜ፣ ጾታ፣ የሞተበት ቦታ (ቤት፣ ሆስፒታል፣ ከከተማ ውጭ) እና ከመሞቱ በፊት ለስንት ሳምንት አልጋ ይዞ እንደነበረ። የበሽታው ስም አይጻፍ፤ አያስፈልግምም። በሌላ ዕድርም ተከፍሎ እንደሆነ በአጭር ምልክት ቢጠቆም ድርብ ቆጠራውን ያስቀራል። ከመስከረም ጀምሮ የተጻፈ መዝገብ ለሚቀጥለው ጥቅምት ቡድን የአንድ ሙሉ ዓመት መነሻ ይሆናል።

ከአክብሮት ጋር
በባሕር ዳር የምንገኝ የስታትስቲክስ መምህራንና የማስታገሻ ሕክምና ነርሶች